ዋናውና ሁለቱ ኮፒዎች

ኑኃሚን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ላፕቶፗን ስትከፍት፣ በፊደሎቹ ላይ በአራት የታጠፈ ወረቀት ተቀምጦ አገኘች። የአባቷ ጽሑፍ ነው። ድሮ መሥሪያ ቤት ሙሉ ያደንቀው የነበረው እጅ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሎቹ መስመሩን እየለቀቁ ወደ ላይ ወጥተዋል። ቢሆንም ራስጌው በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ ተሰምሮበታል። «የሰነድ ማስወገጃ ቃለ ጉባኤ» ይላል። ከሥሩም እንዲህ ይነበባል፦ «በትናንትናው ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልጄ በኑኃሚን ኮምፒውተር ‹ፕሮጀክት› በተባለው ፎልደር ላይ በተደረገው ማጣራት፣ ‹ኢንዴክስ› የሚል አንድ ዓይነት ስም የያዙ ሦስት ፋይሎች ስለተገኙ፣ ዋናው እንዲቀመጥና ሁለቱ ኮፒዎች እንዲወገዱ ተደርጓል። በፍላሹም ላይ እንደዚሁ። ቅርጫቱም ጸድቷል።» ስም፣ ፊርማና ቀን አለው። ለምስክር የተተወው መስመር ግን ባዶ ነው፤ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ምስክር የሚሆን ሰው የለም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፎልደሩን ከፈተች። አንድ ኢንዴክስ፣ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ፎቶና አንዲት ማስታወሻ ብቻ ቀርተዋል። ፍላሹን ሰካች፤ እዚያም ያው ነው። ቅርጫቱን ከፈተች፤ እንደተባለው ጸድቷል። አባቷ አቶ ገብረጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ምላጩን ጣሳ ውስጥ እየነከሩ ጢማቸውን ይላጫሉ። ውሃ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ በቁጠባ ነው የሚነክሩት።

«አየሽው?» አሉ ሳይዞሩ።

«አየሁት አባዬ።»

«ተዝረክርኮ ነበር እኮ። አንድ ስም ሦስት ጊዜ! የመዝገብ ቤት ሰው ቢያይሽ ይስቅብሽ ነበር። እጄ ትንሽ አስቸግሮኛል፤ ቢሆንም ቀስ ብዬ ሠራሁት።»

«ቅርጫቱን ለምን አጸዳኸው?»

«የሚወገድ ነገር ይወገዳል እንጂ ቅርጫት ውስጥ ይከማቻል እንዴ?» አሉና ዞረው አዩዋት። ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል፤ በሌላው ግማሽ ላይ የሚታየው ደስታ ነው። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየችም። መጮህ ፈልጋ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው። «ምንም አይደል» አሉ እሳቸውም፣ ወደ መስተዋታቸው ተመልሰው።

ሦስቱ ፋይሎች ኮፒ አልነበሩም፤ የአንድ ድረ ገጽ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። ይህን ለማወቅ ኑኃሚን ራሷ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። መሥሪያ ቤቷ የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥልጠና የተጀመረ ሰሞን፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የጻፈች ሰው እንደመሆኗ፣ የተሰጣትን ኮድ በዎርድ ላይ ኅዳጉን አስተካክላ፣ ርእሱን አድምቃ፣ በሚያምር ፊደል ጽፋ አቅርባ ነበር። አሠልጣኟ ጊፍቲ አይታ ሳቀች፤ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ሳትሰለች አስረዳቻት። የመጀመሪያው ፋይል በገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ ብቻ ይናገራል፦ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ ቁጥር የሚጻፍበት ሣጥን ነው፣ ይህ የሚጫኑት ቁልፍ ነው። መልክ የለውም፤ ያለውን ቆጥሮ ዝም ይላል። ሁለተኛው መልኩን ይይዛል፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ ሣጥኑ ከዳር ምን ያህል እንደሚርቅ። ሦስተኛው አእምሮው ነው፤ ሰው ቁልፉን ሲጫን ምን መሆን እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ስማቸውን የፈለግሽውን ማድረግ ትችያለሽ፣ ጅራታቸው ይለያቸዋል» አለቻት ጊፍቲ፤ ጅራት ያለችው ከስሙ ቀጥሎ ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን ነው። ኑኃሚንም ለሦስቱም አንድ ስም ሰጠቻቸው። አንድ ጉዳይ አንድ ቁጥር ነው የሚይዘው፤ በዚያ ደንብ ነው ያደገችው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ካልታዘዘ በስተቀር ጅራቱን ለሰው አያሳይም። እንግዲህ ያሳደጓት ሰው ሦስት አንድ ዓይነት ስም ተደርድሮ ሲያዩ ምን ያድርጉ? ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ዋናውን አስቀመጡ፣ ኮፒውን አስወገዱ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ።

መሥሪያ ቤቱ ሰንጋ ተራ ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ። አባቷ ጡረታ የወጡበት ቤት ነው፤ እሷም እዚያው ጸሐፊ ናት። ዘንድሮ አዲስ መዋቅር መጣና ለአሥራ አንድ ጸሐፊዎች አራት ቦታ ብቻ ቀረ፤ ክፍሉም «ዲጂታል አገልግሎት» ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠልጥኖ፣ በገዛ እጁ የሠራውን አንድ ገጽ ለኮሚቴ ያሳየ ለአራቱ ቦታ ይወዳደራል፤ ያላሳየ ቅርንጫፍ ይመደባል። ቅርንጫፉ ከከተማው ጫፍ፣ በሦስት ታክሲ የሚደረስበት ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች የሚፈሩት ታክሲውን ነው። ኑኃሚን የምትፈራው ምሳ ሰዓትን ነበር። አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። አምና መድኃኒታቸውን ወስደው ምሳ ሳይበሉ ቀሩና፣ ስኳራቸው ወርዶ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ወድቀው ያገኟቸው የፊት ለፊት ጎረቤታቸው እትዬ ቦሰና ነበሩ። እትዬ ቦሰና አሁን ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል፤ ቤታቸውን የተከራዩት ሰዎች በራቸውን ከፍተው ታይተው አያውቁም። ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ተቀጥራ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ስለዚህ ኑኃሚን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እየሮጠች ትመጣለች፣ ምሳውን ታሞቃለች፣ ሲጎርሱ አይታ ትመለሳለች። ቅርንጫፍ ከተመደበች ይህን የሚያደርግ ሰው የለም። ኮሚቴው የሚቀመጠው ደግሞ ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ለአለቃዋ ደውላ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀችና ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ አብነት ወረደች። ነስረዲን የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ ሱቁ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ፍራሽ ሠሪ መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ናት። መደርደሪያው ላይ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ስልኮች የባለቤታቸው ስም ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። የጥጥ ብናኝ ከጎረቤት እየገባ በሁሉም ላይ ያርፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገና እየከፈተ ነበር።

«ምንድን ነው የጠፋው እህቴ? የሠርግ ፎቶ ነው?»

«ሁለት ትንንሽ ፋይል ነው። የኮድ።»

«ምን ያህል ናቸው?»

«ሁለቱም ተደምረው ሰባት ኬቢ ቢሆኑ ነው።»

ነስረዲን ከንፈሩን መጠጠ። «ትልቅ ነገር ቢሆን ይሻልሽ ነበር። ትንሽ ነገር ሲጠፋ ቦታው ወዲያው በሌላ ይያዛል» አላት። ስምንት መቶ ብር እንደሆነና ካልተገኘ ግን እንደማያስከፍላት ነግሯት፣ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ ማስፈለግ ጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች። አሥር በመቶ ስትደርስ ሻይ አዘዘላት። ሠላሳ በመቶ ስትደርስ ስልኩ የተሰበረበት ሰው መጥቶ ተከራከረና ሄደ። ኑኃሚን ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም። የጠፉ ነገሮች አንድ በአንድ እየወጡ ይደረደራሉ፦ ከአራት ዓመት በፊት የጻፈችው የዝውውር ማመልከቻ፣ የእናቷ የመጨረሻ ምርመራ ውጤት፣ አባቷ ጡረታ የወጡ ዕለት ጋቢ ለብሰው ኬክ ሲቆርሱ የተነሱት ፎቶ፣ እሷ ራሷ መቼ እንዳነሳችው የማታስታውሰው የሰማይ ፎቶ። ያልተፈለገው ሁሉ ተገኘ።

«ማነው ያጠፋው? ቫይረስ ነው?» አለ ነስረዲን።

«አባቴ ናቸው። የተደገመ መስሏቸው።»

ነስረዲን ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። «የኔም አባት አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና ስልኬን በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ አስጥተውልኛል። ቆሽሾ አዩት» አላት። ይኼኔ ኑኃሚን ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መስመሯ መቶ በመቶ ሞላች። ከሺህ አንድ መቶ ምናምን ስሞች መካከል ሁለት «ኢንዴክስ» ተገኙ፤ አሁን ጅራታቸው ሳይቀር ይታያል። ነስረዲን አንደኛውን ከፈተው። ከላይ እስከ ታች ባዶ አራት ማዕዘኖችና የጥያቄ ምልክት ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። «ስሙ አለ፣ ሆዱ የለም» አላት። ለሻዩም አላስከፈላትም። «አብሽሪ፣ አንዴ የጻፈ እጅ ይደግመዋል» ብሎ ሸኛት። ያለው ነገር ትክክል መስሏት እስከ ቤቷ ድረስ በፍጥነት ተራመደች።

ቤት ስትገባ አባቷ ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር። በዚህ ሰዓት ምን እንዳመጣት አልጠየቁም። «እዚህ ልሥራ ብዬ ነው» አለቻቸው፤ «ሥሪ፣ ሥሪ» ብለው ሬዲዮኑን አጠፉላት። ቤቱ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው፤ ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ በመጋረጃ ይለያል። ከመስኮቱ ማዶ የሕንፃ ሥራ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቆረጣል። ኑኃሚን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ በባዶ ፋይል ጀመረች። መልኩን የያዘው ፋይል አላስቸገራትም። አረንጓዴውን ለርእሱ፣ ነጩን ለሣጥኑ፣ የፊደሉን መጠን፣ ዳር ዳሩን እያስታወሰች ጻፈችና፣ ከዋናው ፋይል ጋር የሚያገናኘውን መስመር አይታ፣ ጅራቱን ሳትረሳ አስቀመጠችው። ገጹን ስትከፍተው ጥቁርና ነጭ የነበረው አረንጓዴ ሆነ። አባቷ ከወንበራቸው አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። «እሰይ! አየሽ አይደል፣ ነገሩ ጥርት ሲል እንዴት እንደሚቀል?» አሉ። እሷም ቀና ሳትል «አየሁ» አለች።

አእምሮውን የያዘው ግን እምቢ አለ። ባለጉዳይ የፋይሉን ቁጥር ሲያስገባ፣ ፋይሉ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚነግር ነበር። ሐሳቡን ያገኘችው ከልጅነቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ መዝገብ ቤት ትጠብቃቸው ነበርና፣ «ጋሼ ፋይሌ የት ደረሰ?» እያሉ አራት ፎቅ የሚወጡና የሚወርዱ አሮጊቶችን ታይ ነበር። ስድስት ሳምንት ለፍታበታለች። አንዳንዱን መስመር ጊፍቲ ነግራት፣ አንዳንዱን አሥር ጊዜ ተሳስታ፣ አንዱን እንዲያውም ለምን እንደሠራ ሳይገባት ስለሠራ ብቻ ትታው ነበር። አሁን ያ ያልገባት መስመር ነው የጠፋት። ጻፈች፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ዝም። ቀየረች፤ ዝም። ለጊፍቲ ደወለች። ጊፍቲ አዘነችላት፤ ግን ኮሚቴው ውስጥ እንዳለችና ዛሬ ለማንም መንገር እንደማትችል በዝግታ ነገረቻት። ከዚያ ስልኳ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠየቀች፤ ስልኩ በአንድ ደቂቃ ስድሳ መስመር ዘረገፈላት። ለጠፈችው። ስልኩ ለቁልፉ የሰጠው ስምና እሷ የሰጠችው ስም አልተገናኙም፤ አሁንም ዝም። ብታገናኛቸውም፣ ኮሚቴው «ይህን መስመር አስረጂ» ቢላት መልስ እንደሌላት ታውቀዋለች። መልሳ አጠፋችው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ አሞቃ አቀረበችላቸው። እሷ አልበላችም። አባቷ እንዳያስቸግሯት ብለው ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ እንኳ ድምፅ ሳያሰሙ ለማስቀመጥ ይታገላሉ፤ እጃቸው እንደዚያ ሆኖ ይህ ከባድ ሥራ ነው። ጨርሰው ሲያበቁ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ብዙ የሚጻፍ ካለ እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ምቺው» አሉ። ድሮ ረጅም ሪፖርት ሲመጣ ከጸሐፊዋ ጎን ተቀምጠው እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ኑኃሚን ምን ይነበብልኝ ትበላቸው? «ጨርሻለሁ አባዬ» አለቻቸው። እሳቸውም «ጎበዝ» ብለው መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን ተነሳች።

ኮሚቴው የተቀመጠው አራተኛ ፎቅ ባለው ጠባብ የስብሰባ ክፍል ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ሀብተሥላሴ፣ ጊፍቲና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ አንዲት ሴት። ከኑኃሚን በፊት የገባችው ጠጅቱ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። የጠጅቱን ገጽ የእህቷ ልጅ እንደሠራላት አራቱም ፎቅ ያውቃል፤ ጠጅቱም አትደብቅም። ገጹ ሥዕል ያንሸራትታል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል። ከሁሉም በላይ ይሠራል። ኮሚቴው ሲሠራ አየ፤ ጻፈ። ጠጅቱ ስትወጣ የኑኃሚንን እጅ ጨበጥ አድርጋ «አይዞሽ፣ አጭር ነው» አለቻት።

የኑኃሚን ገጽ ግድግዳው ላይ በአረንጓዴ ወጣ። አቶ ሀብተሥላሴ ርእሱን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ፋይልዎ የት ደረሰ?» ወደዱት። «ይኼ ነው የሚያስፈልገን!» አሉና ወደ ጊፍቲ ዞሩ። ጊፍቲ አንድ ቁጥር ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ከጎን ካለው ክፍል አንድ ሰው ጠረጴዛ ሲጎትት ይሰማል።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ምንም» አለች ጊፍቲ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሦስተኛው ፋይል የት አለ ኑኃሚን?»

«ጠፋብኝ።»

«ኮፒ አልያዝሽም?»

«ይዤ ነበር። እሱም ጠፋ።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ ሥራ ሀ ብለው የጀመሩት በአባቷ መዝገብ ቤት ነው፣ በተላላኪነት። «አንቺ የጋሽ ገብረጊዮርጊስ ልጅ! አባትሽ እኮ በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ወረቀት አልጠፋባቸውም!» አሉ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ ሴትም ፈገግ አለች። ኑኃሚን አፏን ከፈተች። «አባቴ ናቸው ያጠፉት» ማለት ቀላል ነው፤ ምናልባትም ያዝኑላት ነበር። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት በአራቱም ፎቅ ቡና ሲጠጣ የሚወራው እሱ ይሆናል። መዝገብ ቤቱ ዛሬም በእሳቸው ቁጥር አሰጣጥ ነው የሚሠራው፤ አዲስ የመጡት ልጆች ሳይቀሩ ስማቸውን ያውቃሉ። ለአንድ ሰው ከሥራው የተረፈው ይኼ ብቻ ሲሆን እንዴት ይወሰድበታል? አፏን መልሳ ዘጋችው። በራሷም፣ በአባቷም፣ ጅራቱን በሚደብቀው ኮምፒውተርም ተናደደች፤ ንዴቱ የትም የሚሄድበት አልነበረም።

«እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት ሲሠራ አይቼዋለሁ» አለች ጊፍቲ። «በደንብ ነበር የሚሠራው። ራሷ ናት የሠራችው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ቅጹን አንስተው አሳዩአት። «አምንሻለሁ። ቅጹ ግን የሚለው ‹በዕለቱ በኮሚቴው ፊት ሲሠራ ታይቷል› ነው። ሳናይ አየን ብለን እንዴት እንፈርም?»

«ሰኞ ላሳያችሁ» አለች ኑኃሚን።

«ዝርዝሩ ዛሬ አሥር ሰዓት ይለጠፋል የኔ ልጅ። እኔም የታዘዝኩት ነው።» ብዕራቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ሊያደርጉ የሚችሉትን እየፈለጉ እንደነበር ፊታቸው ያስታውቃል፤ አላገኙም። «አባትሽን ሰላም በዪልኝ። እወዳቸዋለሁ» አሉና ጻፉ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ጠጅቱ ከአራቱ አንዷ ሆናለች። ኑኃሚን ከቅርንጫፎቹ ዝርዝር አምስተኛ ላይ ናት፤ ከሚቀጥለው ወር አንድ ቀን ጀምሮ። ሰዎች ትከሻዋን ነክተዋት አለፉ። ከቀኑ የቀረው አንድ ሰዓት አላልቅ አላት፤ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፣ ሦስቱንም ያለ ስሕተት። ወደ ቤት ስትመለስ ከብሎኩ ሥር ከምትሸጠው ሴት ግማሽ ኪሎ ቲማቲም በስልሳ ብር ገዛች። ሴትዮዋ «ዛሬ ከስተሻል» አለቻት። በግቢው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሱ እግሯ ሥር መጥቶ ቆመ፤ መልሳ መምታት እንዳለባት እስክታስታውስ ልጆቹ መጥተው ወሰዱት። ደረጃውን ስትወጣ ምን እንደምትል ታስብ ነበር። አራተኛ ፎቅ ስትደርስም ገና አልወሰነችም።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። ወጥተው እንዳልነበር ጫማቸው ይናገራል፤ በነጠላ ጫማ ናቸው። ኮቱ ለእሷ ወሬ ነው የተለበሰው።

«እህስ?»

«ወደዱት።»

«ማን ማን ነበር?»

«አቶ ሀብተሥላሴ ነበሩ። ሰላም ብለውሃል።»

«ሀብቴ! ፋይል ማሰር እኔ ነኝ ያስተማርኩት እኮ። ታዲያ ምን አለ?»

ኑኃሚን ቲማቲሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «‹በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ወረቀት አልጠፋባቸውም› አሉ።»

«እንዲያ አለ?»

«እንዲያ አሉ።»

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ዓይናቸውን እንዳታይባቸው መሆኑን አውቃ እሷም ነጠላዋን ለማጠፍ ጎንበስ አለች። ከዚያ «ታዲያ ክፍሉ የት ነው? እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነው?» አሉ።

«ቅርንጫፍ ነው የመደቡኝ አባዬ።»

«በእድገት?»

«አዎ፣ በእድገት።»

የቅርንጫፉን ሰፈር ነገረቻቸው። ስሙን በቀስታ ደገሙት። በልባቸው መንገዱን ሲሄዱት ታያት፤ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ቀጣዩን ታክሲ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ አልጠፋም፤ ትንሽ ብቻ ዝቅ አለ።

«እንግዲህ ምሳ ሰዓት መምጣት አትችዪማ» አሉ።

«አልችልም።»

ከማዶ ያለው የብረት መቁረጫ ዝም ብሏል፤ ሠራተኞቹ ወጥተዋል። አቶ ገብረጊዮርጊስ መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ በሁለተኛው ተነሱ። «እኔን አታስቢ» አሉ። «ሰው በልጁ እድገት መንገድ ላይ አይቆምም። ደግሞ ሽሮ ማሞቅ ምን አለው? ዛሬ እራቱን እኔ ነኝ የማሞቀው። አንቺ ተቀመጪ፤ ያጓደልኩት ካለ ትነግሪኛለሽ።» ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ምድጃውን ሰኩ። ትንሿን ድስት ሲያነሱ ክዳኑ ከላይዋ ተንቀጫቀጨ፤ ክዳኑን አውርደው ለብቻ አስቀመጡት። ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሽሮው ሲፈላ ወደ ደረታቸው ፈነጠቀ፤ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አሉ ለራሳቸው። ኑኃሚን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ አልኩሽ!» አሏት። ከልጅነቷ በኋላ በዚህ ድምፅ ተናግረዋት አያውቁም።

ተቀመጠች። ከወር አንድ ቀን ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብድግ የሚል ሰው አይኖርም፤ ከአሁኑ መልመድ አለባቸው። አባቷ የጋለችውን ድስት በጨርቅ ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ በየእርምጃው ሽሮው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ጠረጴዛው መምጣት ጀመሩ። እሷም እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ፣ እየመጡ ሳሉ እያየቻቸው፣ ሳትነሳ ጠበቀቻቸው።